የማደጊያ ጨርቅ

ልብስ ሰፊው ለሕፃን ሲሰፋ የማይሽረው ልማድ ነበረው፤ ስፌቱ ውስጥ ሁለት ጣት የሚሆን ትርፍ ጨርቅ አጥፎ ይተዋል። «ልጅ ያድጋል፣ ልብስ አያድግም» ይላል። ጠርዙን በእጇ የምትዘመዝመው ሚስቱ ናት።

የራሳቸው ልጅ ግን ያደገው ጭንቅላቷ ብቻ ሆነ። ከተወለደች ጀምሮ ውሃ ቋጥሯል አሉ ሐኪሞቹ። የግንባሯ ቆዳ ተወጥሮ ደም ሥሮቿ ይታያሉ፣ የጠባችውን ሁሉ ያስመልሳታል፣ ዓይኖቿም ወደ ታች አዘቅዝቀው ቀና ማለት ተሳናቸው። ጎረቤት፣ አጥንት የሌላት ምላስ አጥንት ትሰብራለችና፣ «ይህን ሁሉ ጭንቅላት የያዘችው ዳኛ ልትሆን ነው!» ሲል እናትየው በሆዷ እርር ድብን እያለች በጥርሷ ትስቃለች። ልጅቷ አራስ ሳለች የለበሰችው ቀሚስ ዛሬም ልኳ ነው፤ ኮፍያዋን ግን አባቷ እየተረተረ ያሰፋዋል።

ዛሬ የምርመራውን ውጤት ሊሰማ ብቻውን ሐኪም ቤት ደርሶ ተመለሰ።

«ምን አሉህ?»

«ምን ይላሉ! ደህና ትሆናለች አሉ» አለና የስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠ።

የድሮው ኮፍያ ማስፊያ ትርፍ ጨርቅ አልቆበት ነበርና ከአዲስ ጨርቅ ሌላ ሰፍቶ ለሚስቱ ሰጣት። እሷም ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ መርፌዋ ላይ ክር አስገብታ፣ ልትዘመዝመው ኮፍያውን ገለበጠችና ትርፉን በጣቷ ፈለገች። ዙሪያውን ዳሰሰች። ደግማ ዳሰሰች። በልጇ ራስ ልክ ነው የሰፋው።

«ረሳኸው እንዴ?» ልትለው ቀና አለች። ባሏ ጀርባውን ሰጥቷት መኪናውን ይረግጣል፤ መርፌው ሥር ግን ጨርቅ አልነበረም።