የሁዳዴ መጋረጃ

አባ ወልደ ኪዳን መስቀላቸውን እንደጨበጡ ከደጃፉ ቆመው ቀሩ። ጠበል ሊረጩ የመጡት የነፍስ አባት ዓይናቸው ያረፈው ከአልጋው ፊት በተዘረጋው ነጭ አቡጀዲ ላይ ነበር።

«ይህ መቼ ተሰቀለ?»

«ትናንት ነው አባቴ» አለች ባንቺዓለም። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ጥፋቷ ገባት።

ሁዳዴ ከገባ አምስተኛ ቀኑ ነው። በጾም ባልና ሚስት መኝታ እንደሚለዩ በሞጣ የማያውቅ የለም፤ በጾም አልጋውን የሚጋርድ ሰው ምን ሊሸሽግ እንደሆነ ለመጠርጠር ደግሞ ጎረቤት አይቸገርም። ያውም በቄስ ቤት። ጨርቁን ለልብስ ሰፊው ለከሊፋ የሰጠችው በጥር ነበር። ዛሬ ነገ ሲላት ከርሞ ትናንት ቢያደርስላት ደስ ብሏት ቀኑን ሳታስብ ሰቀለችው። ባሏ ቄስ ሣህለ ማርያም ማታ ገብቶ አየውና እንደ ጾሙ ልማድ አጎዛውን ይዞ መደብ ላይ ተኛ።

አባ ወልደ ኪዳን ገብተው ተቀመጡ። ነገሩን አላካበዱትም፣ አላለዘቡትምም። ወሬው ደብሩ ደርሷል፤ መጋረጃው ዛሬውኑ ካልወረደ ባሏ እሑድ ቅዳሴ አይገባም አሏት። ለሣህለ ማርያም ክህነቱ እንጀራው ብቻ ሳይሆን ስሙም ነው፤ አንዴ የተጠረጠረ ቄስ ደግሞ ነጻ ቢወጣ እንኳ ሐሜቱ አይለቀውም።

ወዲያው እሱም ከውጭ ገባ። የተባለውን ሰምቶ የመጋረጃውን ገመድ ሊፈታ እጁን ዘረጋ። ሁለቱ ልጆች፣ ይርጋነሽና ፋንታ፣ ከመደቡ ላይ ሆነው ያዩታል።

«ይቆዩ» አለችው። ወደ ነፍስ አባቷም ዞረች። «አባቴ፣ በጥቅምት ትንሹን ልጃችንን የቀበሩልን እርስዎ ነዎት። ከዚያ ወዲህ ያለቀስኩት ጋጣ ገብቼ ነው። እዚህ ካለቀስኩ ይርጋነሽ ታየኝና ታለቅሳለች፤ እሷ ካለቀሰች ፋንታ ይከተላል። ከባሌ ጋር ስለ ልጃችን አንዲት ቃል አልተነጋገርንም። መጋረጃውን ያሰፋሁት ለዚህ ነው።»

የሣህለ ማርያም እጅ ቋጠሮው ላይ ቀረ። ከቀብሩ ወዲህ እንባዋን አይቶ አያውቅም፤ ልቧ ደንድኗል ብሎ ሲቀየማት ነው የከረመው። ገመዱን ተወና መጋረጃውን ገልጦ ገባ፤ መልሶም ጋረደው። በጠራራ ፀሐይ፣ የነፍስ አባቱ እዚያው ተቀምጠው። መጀመሪያ የተሰማው ድምፅ ሳል ይመስል ነበር፤ ለቅሶ ነበር።

ይርጋነሽ ከመደቡ ወርዳ ወደ አልጋው ስትሄድ አባ ወልደ ኪዳን እጇን ያዙ።

«ነይ ልጄ፣ ወንድምሽንም አስከትይው። እስቲ ጥጃችሁን አሳዩኝ።»

ልጆቹን ይዘው ወጡና በሩን ከውጭ ሳቡት። ባንቺዓለም በበሩ ስንጥቅ አየች። ከአጥሩ ማዶ ሁለት ሴቶች ቆመው በቀትር የተዘጋውን በር አፍጥጠው ያያሉ። አባ ወልደ ኪዳን ልጆቹን ወደ ጥጃው ሰደዱና መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ከሴቶቹ ፊት ለፊት፣ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

እሷም መጋረጃውን ገልጣ ገባች።