ከስሙ ቀጥሎ ያለው ምርቃት

ናግላ የሞተውን ካልሞተው የምትለየው በምርቃት ነው። ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት የፉስጣጥ፣ የጥንቷ ካይሮ፣ አይሁድ ነጋዴዎች በዕብራይስጥ ፊደል ዐረብኛ እየጻፉ ስለ ቁንዶ በርበሬና ስለ ሐር ሲጻጻፉ፣ የሰው ስም ባዶውን አይተዉም ነበር። በሕይወት ካለ «ፈጣሪ ይጠብቀው» ይላሉ፤ ከሞተ «ነፍሱ በገነት ትረፍ»። ሌላው ሁሉ ተቀዶና በስብሶ ይቺ ምርቃት ብቻ ብትተርፍ፣ ናግላ ሰውየው በየትኛው ዓለም እንዳለ ታውቃለች። ከዶክትሬቷ በኋላ እስክንድርያ ላይ ደመወዝ የሚከፈላትም ለዚሁ ነው።

ከያዘቻቸው ደብዳቤዎች ሁለቱ የአንዲት እናት ናቸው። ልጇ ወደ ህንድ ሲሄድ ከነመርከቡ ጠፍቷል። በፊተኛው «ልጄ በርሁን፣ ፈጣሪ ይጠብቀው» ትላለች፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በተጻፈው ግን «ልጄ በርሁን፣ ነፍሱ በገነት ትረፍ»። ናግላም በጥናቷ ላይ በመሃል መርዶ ደርሷታል ብላ ጻፈች። መርዶውን ያመጣውን ደብዳቤ ስምንት ወር ሙሉ ፈልጋ አጣችው። የምሁር ነገር፣ ያላየውን ወረቀት እንዳየ አድርጎ መጻፍ አይከብደውም።

የናግላ የገዛ ወንድም ሻዝሊም ባሕር ላይ ነው የቀረው። ከትውልድ ከተማቸው ከረሺድ ዳርቻ ወደ ጣልያን በሚሻገር ጀልባ ተሳፈረ፤ ይኸው አራት ዓመት፣ ሬሳ የለ፣ ወሬ የለ። ስምንት ወር እነዚያን ደብዳቤዎች ስታገላብጥ የራሷን ቤት አለማየቷ ይገርማል፤ ግን ላለማየት ስንፈልግ ሁላችንም ጎበዞች ነን።

የሻዝሊ ሚስት ዊዳድ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው ከአማቷ ጋር ነው። አንድ መምህር ለትዳር ጠይቋታል። አራት ዓመት የጠፋን ባል ዳኛ ሞቷል ሊለው ይችላል፤ ዊዳድ ግን «እማማ በአፋቸው ካልፈቀዱልኝ የፍርድ ቤት ደጃፍ አልረግጥም» አለች። ለእናትየው መንገሩ ናግላ ላይ ወደቀ። አርብ ቀን ረሺድ ስትደርስ እግሯ እየተጎተተ ነበር።

እናቷ ኢንሻራህ ወጥ ቤት ተቀምጣ የዓሣ ቅርፊት ትፍቃለች።

«መጣሽ ዶክተር? የዘጠኝ መቶ ዓመት ደብዳቤ ታነቢያለሽ፣ የእናትሽን ስልክ አታነሺም።»

«እነሱ አይጨቀጭቁኝም።»

«ዓሣም አይጠብሱልሽም።»

እናትየው ትልቁን ዓሣ ለብቻው አስቀመጠች። «ይሄ የሻዝሊ ነው፣ አላህ ይጠብቀው» አለች። አርብ በመጣ ቁጥር የምታደርገው ነው፤ ሲመሽ ለጎረቤት ትሰጠዋለች። ናግላ መንገድ ላይ ያጠናችው ንግግር ጠፋባት። አፏ ላይ የመጣላት የፉስጣጧ እናት ነገር ብቻ ነበርና እሱኑ ተረከችላት፤ ስለ ምርቃቱም ነገረቻት።

እናቷ ቢላዋውን ሳታቆም አዳመጠች።

«ሚስት አልነበረውም?»

«ነበረው። በእነሱ ሕግ ሞቱን የሚመሰክር ከሌለ ሚስቲቱ እንደታሰረች ትቀራለች። በኋለኛው ደብዳቤ እናትየው ዳኞቹን ‹ምራቴን ልቀቁልኝ› እያለች ትለምናለች።»

«ለቀቋት?»

«አላውቅም። ወረቀቱ እዚያ ላይ ተቀዷል።»

«እና አንቺ መርዶ መጣላት አልሽ።»

«መምጣት አለበት እንጂ። ካለዚያ በምን አወቀች?»

እናቷ ዓሣውን አጥባ መጥበሻ ላይ ጣለችው።

ዊዳድ ዳቦ ይዛ ስትመለስ ገበታው ቀርቦ ነበር። ኢንሻራህ ያን ትልቁን ዓሣ አንስታ ዊዳድ ሳህን ላይ አኖረችው።

«ብዪ። ሻዝሊ ጭንቅላቱን ነበር የሚወደው፣ አላህ ይዘንለት።»

ዊዳድ ዳቦውን እንደያዘች ቆመች። ናግላ ጆሮዋን ተጠራጠረች። ጠዋት የደወለ አልነበረም፤ በር ያንኳኳም የለም።

«እማማ…» አለች ዊዳድ።

«ይቀዘቅዛል፣ ብዪ። ሰኞ ፍርድ ቤት አብሬሽ እሄዳለሁ። ዳኛው እናቱን ልጠይቅ ይል ይሆናል።» ቀና ብላ አየቻት። «ያ መምህር መላጣ መሆኑን አይተሻል መቼም።»

«እማማ፣ እርስዎ በምን…»

«ረሺድ ውስጥ ምን ይደበቃል?»

ኢንሻራህ እጄን ልታጠብ ብላ ተነሳች። ቧንቧው ሲፈስ ቆየ፤ እጅ ለመታጠብ ይህን ያህል ውሃ አያስፈልግም። ናግላ ተከትላት ልትሄድ አስባ ቀረች። ወንድሟ ከሄደ ወዲህ ስለ እሱ አልቅሳ አታውቅም ነበር፤ ያን ቀን ሩዙ ላይ አጎንብሳ አለቀሰች።

ቅዳሜ ጠዋት እስክንድርያ ተመልሳ ጽሑፏን ከፈተች። «በዚህ መሃል የልጇ መርዶ ደርሷታል» የሚለውን ሰረዘች። በምትኩ «መርዶ አልመጣላትም» ብላ ጻፈችና እንደ ልማዷ የግርጌ ማስታወሻ ቁጥር አስገባች። ከቁጥሩ ቀጥሎ ምንጩን ምን ብላ እንደምትጽፍ አላወቀችም። ባዶውን ተወችው።