የአልጋ ሰባት ሹራብ

ልጅቱ እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ነው የሆስፒታሉ ዕቃ ቤት የገባችው። አባቷ ትናንት አርፏል፤ ቀብሩ ዛሬ ከሰዓት ነው። ሟች እናቷ በእጇ የሠራችለትን ቡናማ ሹራብ አልብሳችሁ ቅበሩኝ ብሎ ነበር።

ዕቃ ጠባቂው ሰባት ቁጥር የተጻፈበት ፌስታል አቀበላት። ከውስጡ የወጣው ቀይ ቱታና የተንሻፈፈ ጫማ ነው።

«ይሄ የአባቴ አይደለም።»

«አልጋ ሰባት አይደል የተኛው?»

«ነው።»

«እንግዲያው የሱ ነው። አንድ በሽተኛ ሁለት አልጋ ላይ አይተኛም፣ ልጄ።»

ደሟ ፈላ፤ የአባቷም የምሳ ሰዓት ትምህርት ትዝ አላት። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ ሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ ምሳ ላይ እንኳ አያርፍም። «እያንዳንዱ ልጅ አንዲት እናት አለችው፤ አንድ ስትጠይቁት አንድ ብቻ ይመልሳል፤ ፈንክሽን ማለት ይሄ ነው» ይላል። «እስቲ ገልብጡት። ከእናታችሁ ተነስቼ ወደ ልጇ ብመለስ ማንን አገኛለሁ?»

እሷም ወንድሟም «እኔን» «እኔን» እያሉ ይንጫጫሉ።

«አያችሁ? አንድ ጠይቄ ሁለት መጣልኝ። ግልባጩ ፈንክሽን አይደለም።»

እናቷ ደግሞ «አንተ ሰው፣ ልጆቼን ሳትገለብጥ አብላቸው» ትለው ነበር።

«ጋሼ» አለች ጥርሷን ነክሳ፤ «ከበሽተኛው ወደ አልጋው ሲሄዱ አንድ ነው። ከአልጋው ወደ በሽተኛው ሲመለሱስ? ከአባቴ በፊት እዚያ ማን ነበር?»

«አንድ ጎልማሳ። እሱም አረፈ፣ ነፍስ ይማር። ጠዋት ወንድሙ ሲመጣ ከላይ ያለውን የሰባት ቁጥር ፌስታል አንስቼ ሰጠሁት…»

«ስም አይጻፍም እዚህ ቤት?»

«ቁጥር አይሳሳትም ብለን ነዋ።»

«ቁጥሩማ አልተሳሳተም።»

ወዲያው በሩ ተበረገደ። አንድ ወጣት ቡናማውን ሹራብ በጡጫው ጨምድዶ ገባ። «እናቴ የልጇን ልብስ አምጣልኝ ብላ ብትልከኝ የማንን አሮጌ ነው ያሸከማችሁኝ?»

«አሮጌውን ወዲህ በል» አለችው። ቀይ ቱታውን ስትዘረጋለት ቁጣው ከፊቱ ረገፈ፤ ሹራቡን ሰጥቷት ቱታውን ተቀበለና አፍንጫው ላይ አደረገው፤ ከዚያ ፌስታሉንም ይዞ ወጣ።

ዕቃ ጠባቂው ተነፈሰ። «ይኸው፣ ያለ ጠብ አለቀ።»

«አላለቀም። አሁን አልጋ ሰባት ላይ ማን ተኝቷል?»

«ዛሬ የገባ ሰው አለ።»

«ስሙስ?»

አንገቱን አከከ። ልጅቱ ሹራቡን ጭኗ ላይ አድርጋ በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

«ሄደው ጠይቀው ይምጡ፤ ፌስታሉ ላይ ሲጽፉት አይቼ ነው የምሄደው። አባቴ ይታገሣል፤ ሰነፍ ተማሪ መጠበቅ ለምዷል።»