ሱሩር የተለቀቀበት ቅዳሜ

ሁዜይፋ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ፣ ከእህል ገበያው ጀርባ፣ የሞባይል መጠገኛ ሱቅ ነበረው። የሰሊጥ አቧራ የገባበትን ስልክ ሲያጸዳ ይውልና ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ላፕቶፑን ከፍቶ ሱሩርን ይሠራል። ሱሩር አማርኛንና ዐረብኛን በአንድ መስመር የሚያስጽፍ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። አንዱ ከግራ፣ ሌላው ከቀኝ ስለሚነሳ፣ በሌላ ፕሮግራም ሲጻፉ መሐል ላይ ተላትመው ዐረፍተ ነገሩን ያፈርሱታል። ሁዜይፋ ይህን የፈታ ዕለት ደስታ አላስቀምጥ ቢለው ስሙን ሱሩር፣ በዐረብኛ ደስታ፣ አለው። ፕሮግራሙ በነጻ የሚሰጥ ነው። ኮዱ ኢንተርኔት ላይ የጋራ ማከማቻ ውስጥ ተቀምጦ ማንም እየገባ ያሻሽለዋል። ከሁሉም በላይ ግን ጎንደር ያለችው መቅደላዊትና ካርቱም ያለው ዛኪር ይደክሙበታል፤ ሁዜይፋ ሁለቱንም በዓይኑ አይቷቸው አያውቅም።

በሁለት ሺህ አምስት ክረምት ፋው ከምትባለው ከተማ አንድ መምህር ደወለ። የኮምፒውተር ክፍላቸው እሑድ ስለሚከፈት ሱሩር እንዲደርስላቸው ለመነ። ሦስቱ ተማከሩና ቅዳሜ ይለቀቃል ተባለ።

ሁዜይፋ የሚኖረው እትዬ እናኑ ግቢ ተከራይቶ ነው። እትዬ እናኑ በድርቁ ዘመን ከጎንደር በእግራቸው የመጡ፣ የሰው ችግር ሰምተው ዝም ማለት የማይችሉ ሴት ናቸው። አንድ ጠዋት ልብስ እያሰጡ ሳለ ሁዜይፋ በስልክ እንዲህ ሲል ሰሙት፦

«ሱሩር ቅዳሜ የግድ ይለቀቃል፣ መቅዲ። ዓመት ሙሉ ይዘነው ምን ልንሆን ነው? አውቃለሁ፣ አሁንም አልፎ አልፎ ይወድቃል። ቢሆንም ይውጣ፤ ሰው ይየው።»

እትዬ እናኑ የያዙትን አንሶላ አፈር ላይ ጥለው ወደ ጎረቤት ሮጡ።

ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ሽማግሌ ሐጅ አብዱልሰላም ሱቁ ድረስ መጡ።

«ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር ይደበቃል?»

«ምኑ፣ ሐጅ?»

«የሱሩር ነገር ነዋ። ዓመት ሙሉ ታስሮ!»

ሁዜይፋ ሳቁ መጣበት። «ሐጅ፣ ሱሩር እኮ ሰው አይደለም።»

«ዓመት የታሰረማ ምን ሰውነት ይቀረዋል» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «የት ነው የያዙት?»

«ማከማቻ ውስጥ ነው ያለው፣ ማለቴ…»

«መኽዘን ውስጥ! ፖሊስ ጣቢያው ጓሮ ያለው መጋዘን ውስጥ! በዚህ ሙቀት!»

«ኧረ አይደለም! ኮድ ነው፣ ሐጅ። ኮድ!»

ሐጅ ግራ ቀኙን ቃኝተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በኮድ ከሆነማ ለምን ትጮሃለህ?»

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ጣቢያው ሄዱና ረቂቡን፣ የጣቢያውን ሳጅን፣ ገና ምንም ሳያደርግ አመሰገኑት። ሳጅኑ ሱሩር የሚባል እስረኛ እንደሌለው ያውቃል። ግን ይህ ሁሉ ሽበት ፊቱ ቆሞ ሲመርቀው፣ ከበላይ የመጣ እሱ ያልሰማው ትእዛዝ ቢኖርስ ብሎ ፈራ።

«ኢንሻአላህ፣ ቅዳሜ» አላቸው።

ከፖሊስ ቃል ወጣ። በግ ተገዛ፤ እትዬ እናኑ ደጅ ድንኳን ተተከለ።

ዓርብ ዕለት ሁዜይፋ ለመጨረሻ ጊዜ ሊሞክረው ሱሩርን ከፈተና «ሰላም» ብሎ ጻፈ። ስክሪኑ ላይ «ምላሰ» የሚል ወጣ። ደግሞ ሞከረ፤ «ምላሰ»። ለካ ዛኪር ፕሮግራሙን አፈጥናለሁ ብሎ መቅደላዊት ባስተካከለችው ቦታ ላይ የራሱን ኮድ አስገብቶበታል። ዛኪር ጋ ሲደውል «የእኔን ካወጣችሁ ስሜንም አብራችሁ አውጡ» አለው። መቅደላዊት ጋ ሲደውል «የእሱ ካልወጣ እኔ የለሁበትም» አለችው።

ሁዜይፋ እግሩን እየጎተተ ድንኳኑ ገባ። «ሱሩር ነገ አይለቀቅም።»

እትዬ እናኑ ጩኸታቸውን አቀለጡት።

«ምን ተገኘበት?» አሉ ሐጅ።

«ዛኪርና መቅደላዊት ተጣሉበት።»

ከሳምንቱ ወሬ ሁሉ ሐጅ በደንብ የገባቸው ይህ ብቻ ነው። «ስልኩን አምጣ» አሉ።

ሁዜይፋ ሁለቱንም በአንድ መስመር አገናኘና ስልኩን ድምፁን ከፍቶ መሐል አስቀመጠው። ሽማግሌዎቹ ከበቡት። በጉም አንገቱን አስግጎ አሸተተው።

«ልጄ ዛኪር፣ ሱሩርን ትወደዋለህ?»

ዛኪር እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም። «እ… እወደዋለሁ።»

«አንቺስ፣ መቅደላዊት?»

«እንዴት አልወደውም፣ አባቴ? ስንት እንቅልፍ ያጣሁበት!»

ሴቶቹ በክርን ተጓሸሙ።

«እንግዲያው ዛኪር፣ አንተ ለጊዜው ወደኋላ በል፣ እሷ ትቅደም። ልጁ በሰላም ይውጣና አንተ ኋላ ቀስ ብለህ ትገባለህ። ማንም ስምህን አይነካም።»

 ሦስቱ ከጠዋት ጀምሮ ተሰዳድበው ያልደረሱበት ነገር ይኸው ነበር። ዛኪር «እሺ፣ አባቴ» አለና ያስገባውን አወጣ። ሁዜይፋ «ሰላም» ብሎ ጻፈ፤ «ሰላም» ወጣ። ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ።

ቅዳሜ ሁዜይፋ ሱቁ ቁጭ ብሎ ፕሮግራሙን ሲለቅ፣ ሰፈሩ በረክሻ፣ በባጃጅ፣ ተጭኖ ጣቢያው በር ላይ ነበር። ሳጅኑ በላብ ተጠምቋል። ያለው እስረኛ አንድ ነው፤ መንግስቱ የሚባል የፋሽጋ እርሻ ትራክተር ነጂ፣ ካሠሪው ጋር ተጣልቶ በትራክተሩ ገበያ መሐል ሲዞር የተያዘ፣ በነጋታው የሚፈታ።

«ዛሬ ስምህ ሱሩር ነው» አለው ሳጅኑ።

«እስከ መቼ?»

«በሩን እስክትወጣ።»

ሁዜይፋ «ተለቀቀ! ተለቀቀ!» እያለ ድንኳኑ ሲደርስ «አየነው እኮ!» አሉት። መንግስቱ አዲስ ጀለቢያ ለብሶ፣ የበግ ቅልጥም ይዞ ተቀምጧል። እትዬ እናኑ አንገቱ ላይ ተጠምጥመው «መክሳትህ!» ይላሉ፤ ሰውዬው ድንኳኑን የሞላ ወፍራም ነው።

ሁዜይፋ አጠገቡ ሄዶ ተቀመጠ።

«ወንድሜ» አለው መንግስቱ በሹክሹክታ፣ «እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው?»

«ደስ ብሏቸው ነው። ብላ።»

እሱም አንድ ሥጋ አነሳ። ዓመት ሙሉ ኮድ ሲጽፍ እልል ያለለት ሰው አልነበረም። ዛሬ እልልታው በማንም ስም ይሁን በማን፣ ሞቅ አለው።

እሑድ የፋው መምህር ደወለ። ልጆቹ ስማቸውን በሁለቱም ቋንቋ ጽፈዋል። ሁዜይፋ ደስታው ገንፍሎ ግቢ ገባ።

«እትዬ እናኑ፣ ሱሩር ፋው ደርሷል!»

እትዬ እናኑ በረንዳው ላይ እያንኮራፋ ያለውን መንግስቱን አዩት። «ይኸው ተኝቶ!»

«እዚያም አለ። ጎንደርም አለ፣ ካርቱምም አለ። የፈለገ ሁሉ ይወስደዋል፣ እሱ ግን አያልቅም።»

እትዬ እናኑ አማተቡ። ነጠላቸውን አጣፍተው በቀጥታ ሐጅ ዘንድ ሄዱና የሰሙትን ነገሯቸው። ሐጅ አብዱልሰላም መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ።

«ለካ ለዚህ ነው ያሰሩት» አሉ።