ሁለት ጀልባ በአላምረው ማሳ

በበድረዲን መጋዘን ጓሮ፣ ከማሽላ ጆንያው ክምር ጀርባ፣ ሁለት የሞተር ጀልባዎች ግንድ ላይ ተቀምጠዋል። ሽማግሌው አላምረው ሰሞኑን ቆቦ ገበያ በወጣ ቁጥር፣ የሚገዛው ነገር ባይኖርም፣ እግሩ ወደዚያ ይወስደዋል። በትሩን ተክሎ ይዞራቸዋል። ጎንበስ ብሎ ሆዳቸውን ያያል። በጣቱ መገጣጠሚያ ያንኳኳና ድምፃቸውን ያዳምጣል። ከዚያ ምንም ሳይናገር ይሄዳል።

በድረዲን የእህል ነጋዴ ነው። ጀልባዎቹን በአፋር በኩል ከመጣ ሌላ ዕቃ ጋር ደርቦ ገዛቸው፤ ከዚያ ወዲህ ጀልባ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። ማን ይጠይቀዋል? ከቆቦ ሮቢት፣ ከሮቢት ጎብዬ ቢኬድ ጀልባ የሚያንሳፍፍ ውኃ አይገኝም። ያለው የክረምት ጎርፍ ነው። እሱም ከተራራው ይወርዳል፣ ማሳ ያጠጣል፣ ትርፉ ወደ ቆላው ይነጉዳል።

አላምረው ያንን ውኃ ያውቀዋል። የሰፈሩ የውኃ አባት ነው፤ ጎርፍ ሲመጣ የማን ማሳ ቀድሞ እንደሚጠጣና የማን እንደሚከተል የሚለየው እሱ ነው። የራሱን ማሳ ከሁሉ መጨረሻ ስላደረገው በፍርዱ ያጉረመረመ ሰው የለም። ግን እሱ የሚያውቀው ውኃ ሁልጊዜ መንገደኛ ነው። በውኃ ላይ ተቀምጦ የሚሄድ ሰው በዓይኑ አይቶ አያውቅም።

ወደ ጀልባዎቹ የመራችው ልጁ መቅደላዊት ናት። ሐይቅ ከተማ የሒሳብ አስተማሪ ነበረች። አሁን ማስተማሩን ትታ ሐይቁ ዳር ቦታ ይዛለች፤ ለዕረፍት የሚመጣውን ሰው በጀልባ ልታንሸራሽር፣ ጎረምሶቹን ደግሞ በተነፋ የመኪና ጎማ ካላማዳሪ ላይ አስቀምጣ በገመድ ልትጎትት። የዳርቻው ማኅበር ለአንድ አባል የሚፈቅደው አንድ ጀልባ ብቻ ነው። የማይሆን ጀልባ ይዛ ከሄደች ሌላ አይተካላትም፤ የትምህርት ቤቱም ወንበር በሌላ ሰው ተይዟል። ስለዚህ በስልክ «አባዬ፣ እስክመጣ እያቸው» አለችው። በዚያ ቤተሰብ በሬም ሆነ ግመል ያለ እሱ ዓይን ተገዝቶ አያውቅም።

በሐምሌ መጀመሪያ፣ መንገዱ ደህና በሆነ ቀን፣ በሚኒባስ መጣች። እሷም እንደ አባቷ ዞረቻቸው፤ ልዩነቱ እሷ እየተናገረች መሆኑ ነው።

«ይቺ አረንጓዴዋ ሆዷ ዝርግ ነው። ሰው ሲነሳና ሲቀመጥ አትዋልልም። ልጅ የያዘ፣ ውኃ የሚፈራ ሰው ይወዳታል። ሞተሯ ግን አሥራ አምስት የፈረስ ጉልበት ነው። ብትጎትትም እየተንፏቀቀች ነው።»

«ነጯስ?»

«የነጯ ሆድ ሹል ነው። ማዕበል ትሰነጥቃለች። አርባ ፈረስ።»

አላምረው ሞተሩን አየው። አንድ ሰው አቅፎ የሚያነሳው የሚመስል ነገር ነው። «አርባ ፈረስ እዚህ ውስጥ?»

«ጉልበቱ ነው አባዬ።»

«አርባ ፈረስ አንድ ጎረምሳ ለመጎተት?»

«ቆሞ መሄድ ለሚፈልገው ነው።»

«በውኃ ላይ ቆሞ?»

«እግሩ ላይ ጣውላ የመሰለ ነገር ያስራል። ጀልባዋ ከፈጠነች ውኃው ይሸከመዋል። ካዘገመች ይሰጥማል።»

ይህ ነገር ሽማግሌውን ያዘው። ያው ውኃ ለፈጣን መሬት፣ ለዘገምተኛ ጉድጓድ የሚሆነው እንዴት ነው? መጠየቅ አሰበና ዋጠው። ለጊዜው የሚያስቸኩል ሌላ ነገር ነበር።

«እንግዲያው ነጯን ያዢ።»

«ነጯ ቆማ ሳለች ትዋልላለች ይላሉ። ሰው ከዳር ሲወጣባት ወደ ጎን ታዘነብላለች። ልጇን የያዘች እናት አንዴ ከደነገጠች ተመልሳ አትመጣም፤ ለጎረቤቶቿም ትናገራለች። ጎረምሶቹ ደግሞ ቀርፋፋ ጀልባ ካዩ ወደ ሌላው ሰው ነው የሚሄዱት። ያነበብኩት ሁሉ የሚለው ምርጫው እንደ ውኃው ይለያያል ነው። አልቆርጥ አልኩ።»

በድረዲን ከጆንያው ላይ ሆኖ ሲሰማ ነበር። «ወላሂ መቅዲ፣ እኔም አላውቅም። ውኃ ላይ ሳትወጣ ምኗ ይታወቃል? ሐይቅ ድረስ ሁለቱንም ጭኜ ወስጄ አንዷን መልሼ ማምጣት ደግሞ አልችልም።»

«በሬ ስትሸጥ ገዢው ጠምዶ ያያል» አለ አላምረው።

«ያያል።»

«አንድ ሁለት ትልም ያወጣበታል።»

«ደንብ ነው።»

«እኛም እንጠምዳለን።»

«የት ነው የሚጠመደው ጋሽ አላምረው? አስፋልቱ ላይ?»

«ማሳዬ ላይ። ጎርፉ ሲመጣ።»

በድረዲን ሳቀ። ሽማግሌው እንዳልሳቀ ሲያይ ተወው። «አብሽሩ፣ ይሁን። ጀልባ ጠምዶ የገዛ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።»

በማግሥቱ የበድረዲን አይሱዙ ሁለቱንም ጭኖ ሄደና ደረቁ ማሳ መሐል አወረዳቸው። ማሳው ዙሪያውን በአፈር ክትር የታጠረ ነው፤ ጎርፉ የሚገባበት አንድ አፍ አለው። አላምረው ጀልባዎቹን በአፋቸው በኩል በጠንካራ ገመድ ከማሳው አፍ አጠገብ ካለው ግራር ጋር አሰራቸው። ያልታሰረ ከብት ማሳ ውስጥ ትቶ አያውቅም።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ሰማዩ ጠራ ብሎ ሰነበተ። ባጃጆች ከመንገዳቸው እየወጡ መጥተው አዩ። እንዳለው የሚባለው የጎረቤት ማሳ ባለቤት ጠዋት ጠዋት ክትሩ ላይ ቁጢጥ ይላል።

«አላምረው፣ ኖኅ ሆንክ እንዴ? እንስሳቱን ስታስገባ እኔን እንዳትረሳ።»

«አንተን ከየትኛው ጥንድ ልቁጠርህ?»

«ከአህዮቹ ጋር ብትለኝም እገባለሁ። ማየት ነው የምፈልገው።»

አላምረውም የሚፈልገው ማየት ነበር፤ አልተናገረውም እንጂ። በዚህ ዕድሜው ዝናብን ከእህል ለሌላ ነገር ሲጠብቅ የመጀመሪያው ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የምዕራቡ ተራራ ጠቆረ። አሥር ሰዓት ገደማ ነፋሱ የእርጥብ አፈር ሽታ ይዞ መጣ፤ ቀጥሎ ወንዙ አጉረመረመ። ሰው ሁሉ አካፋውን ይዞ ወጣ። አላምረው እንደ ልማዱ ከላይኛው ማሳ ጀምሮ ውኃውን ያካፍል ያዘ። ተራው እንዳለው ጋ ሲደርስ ሰውየው አካፋውን ተደገፈ።

«የእኔን ውሰደው። ጀልባውን እንይ።»

ሽማግሌው ለአፍታ ወደ ማሳው አየ። ሁለቱ ጀልባዎች ደረቅ መሬት ላይ አንገታቸውን ታስረው ቆመዋል። ልቡ ፈልጎት ነበር።

«ተራህን አጠጣ» አለ። «ጀልባ አይጠማትም።»

ውኃው በመጨረሻ የአላምረውን ማሳ ሲያገኝ ገና ብርሃን ነበር። ቡናማ፣ ወፍራም፣ ጭራሮና ቅጠል ተሸክሞ በአፉ ገባ፤ ተዘረጋ፤ ጉልበት ድረስ ሞላ። አረንጓዴዋ ጀልባ ቀድማ ተነቃነቀች፤ ወዲያው ተንሳፈፈች። አላምረው ጋቢውን ሰብስቦ ወጣባት። ቆመ። ወደ ግራ ረገጠ፣ ወደ ቀኝ ረገጠ። ጀልባዋ እንደ መደብ ቀጥ አለች። ከእግሩ ሥር መሬት የለም፤ እሱ ግን ቆሟል። ፊቱ ላይ ምንም አልታየም፤ ቶሎ ግን አልወረደም።

ነጯ ሹል ሆዷ ጭቃው ውስጥ ተተክሎ ወደ ጎኗ ዘመም አለች። መቅደላዊት ስትወጣባት ጭራሽ ተጋደመች።

«ሰነፍ በሬ» አለ እንዳለው። «ሳይጠምዱት የሚተኛ።»

በድረዲን ዕቃው እንዳይናቅበት ሱሪውን ሰብስቦ ገባና የሞተሩን ገመድ ያዘ።

«እንዳትነካው» አለችው መቅደላዊት። «ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በሚስበው ውኃ ነው። ይሄ ግማሹ አፈር ነው፤ ያንቀዋል።»

አላምረው ወደ ውኃው አየ። ማሳውን የሚያበላው ይኸው ደለል ነው። ጎርፍ ቀጥኖ የመጣበት ዓመት እህሉም ይቀጥናል። አርባ ፈረስ ግን በዚህ ይታነቃል። ይህንንም እንደ ቀደመው ጥያቄ አስቀመጠው።

«አረንጓዴዋ ናት» አለ። «ሁሉም አይቷል።»

ክትሩ ላይ ያለው ሰው ተስማማ። መቅደላዊት ከተጋደመችው ጀልባ ላይ ሳትወርድ አባቷን አየችው። እሺ ልትል አፏን ከፈተች፤ ተወችው።

«አባዬ፣ በሬ ስትሞክር የት ነው የምትጠምደው? ሜዳ ላይ ነው ዳገት?»

«ዳገት ላይ። ሜዳ ላይ ሁሉም ያርሳል።»

«ሐይቁ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሳበታል። ማዕበሉ ተከታትሎ ነው የሚመጣው። ይሄ ማሳ ሜዳ ነው።»

አላምረው ከሥሩ ያለውን ውኃ አየ። የጉልበት ውኃ ላይ ቆሞ ጥልቅ ሐይቅ ሲፈርድ እንደነበር ገባው። ምናልባትም እሷ እሺ ብላ ቢሆን ኖሮ ልጁን በአንድ ቃል ያጠፋት ነበር።

ያን ጊዜ ከወንዙ በኩል ሁለተኛ ጉርምርምታ ተሰማ። ጎርፍ ብዙ ጊዜ ሁለቴ ይመጣል፤ ኋለኛው ከፊተኛው ይብሳል። ለዚህ ነው የሞላ ማሳ አፉ ቶሎ የሚዘጋው፤ ካልተዘጋ ክትሩን ይበጥሳል። ይህንን ለሰው ሁሉ ሲጮህ የኖረው እሱ ራሱ ነው።

እንዳለው አካፋውን አነሳ። «ልዝጋው?»

«ተወው።»

«አላምረው፣ ክትርህን ይወስደዋል።»

«ከእኔ በታች የማንም ማሳ የለም። ተወው ብዬሃለሁ። ዳገቱ እየመጣ ነው።» ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። «አጥብቀሽ ያዢ።»

«ውረድ አባዬ።»

«በሬ ሲሞከር እርፉን የሚይዘው ገዢው ነው።»

ውኃው በአፉ ገፍቶ፣ ጭንቅላቱን አንስቶ ገባ። አረንጓዴዋን ዝርግ አፍንጫዋን በጥፊ እንደ መታት ሆነ። ዘለለች፤ ወደ ግራ ተወረወረች፤ ገመዱ ጎትቶ ወደ ቀኝ መለሳት። ቡናማው ውኃ በአፏ ላይ ዘሎ ገባ፤ አላምረው ከነጋቢው ዘጭ ብሎ ተቀመጠበት። ከክትሩ ላይ ሳቅ ፈነዳ። እሱ ሳቁን አልሰማም። ዓይኑ ነጯ ላይ ነበር።

ነጯ ከጭቃው ተነቀለች። አንዴ ተንገዳገደች፤ መቅደላዊት ዳር ዳሩን ጨበጠች። ከዚያ ጀልባዋ ቀና አለች። ሹል ሆዷ የሚመጣውን ውኃ ለሁለት ከፈለው፤ ግማሹ በግራ፣ ግማሹ በቀኝ አለፈ። ሌላ ግፊት መጣ፤ አፏን አንስታ ተቀበለችው፤ መልሳ ዝቅ አለች። መቅደላዊት አንድ እጇን ለቀቀች። ቀጥሎ ሁለተኛውን።

«ነጯን» አለ አላምረው፣ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ እንደተቀመጠ።

«ስትቆም ትዋልላለች እኮ።»

«እናቶቹን ጀልባዋ ገና ዳር ቆማ ሳለች ነግረሽ አስቀምጫቸው። ከተነሳች በኋላ ለራሷ ታውቃለች።»

የታችኛው ክትር ያን ጊዜ ተበጠሰ። ውኃው ከታች ባሉት ግራሮች በኩል ወደ ቆላው ሄደ፤ ከማሳው ጥግም አንድ ክምር አፈር ይዞ ሄደ። አላምረው ሲሄድ አየው። ከዚያ ጋቢውን ጨምቆ ወረደ።

በድረዲንና መቅደላዊት እዚያው ጭቃ ውስጥ ቆመው በነጯ ዋጋ ተስማምተው እጅ ለእጅ ተያያዙ። ጀልባዋ ግን ከዚያ ጭቃ የምትወጣ አልሆነችም። አይሱዙው ገና ከዳሩ ጎማው ሰመጠና ወደ ኋላ ተመለሰ። ጥቂት ቀን ቆይቶ መሬቱ ጠንከር ሲል አላምረው ሁለት ጥንድ በሬ ጠመደባት፤ አንዱ ጥንድ የእንዳለው ነው።

«አርባ ፈረስ ናት አላሉም?» አለ እንዳለው በሬዎቹን እየነዳ። «አራት በሬ ሲጎትታት አታፍርም?»

«መሬት ላይ ናታ» አለ አላምረው።

ጀልባዋ በሹል ሆዷ ከማሳው መሐል እስከ መንገዱ አንድ ጥልቅ ትልም አውጥታ ሄደች። አላምረው ተከትሎ እያየ ሄደ። ክትሩን ጠግኖ ጤፉን ሲዘራ በዚያ ትልም ላይ አላረሰበትም፤ እንደነበረ ዘራበት።

በመስከረም ሐይቅ ሄደ። መቅደላዊት የሚያንሳፍፍ ሰደርያ በጋቢው ላይ አስጠለቀችውና መሐል ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ዳርቻው ላይ ሰው ነበር፤ ካላማዳሪውን ታቅፈው ተራ የሚጠብቁ ጎረምሶች። ጀልባዋ ውስጥ ከኋላው ደግሞ እሷ አስቀድማ በየቦታቸው ያስቀመጠቻቸው፣ ልጅ የያዙ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ጀልባዋ በቀስታ ወጣች። አላምረው እጁን ውኃ ውስጥ ነክሮ አወጣ። ጣቶቹ ላይ አፈር የለም።

«ይሄ ውኃ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«የትም አይሄድም አባዬ። እዚሁ ነው።»

ይህን ብዙ አሰበበት። ዙሪያውን እያየ ክትር ፈለገ፤ ያገኘው ተራራውን ነው። የውኃ አባቱ ማን እንደሆነ ሊጠይቅ ሲል ከወዲያ ማዶ ነፋሱ ተነሳ፤ ሐይቁ ላይ የማዕበል ትልም እየተከታተለ መጣ። ከሴቶቹ አንዷ ልጇን ወደ ደረቷ ሳበች። መቅደላዊት የሞተሩን እጀታ እንደያዘች አባቷን አየችው።

አላምረው ወደ ኋላ ዞሮ ሴትየዋን «ወንበሩን ያዢ፣ አሁን ታያለሽ» አላት። ከዚያ ፊቱን ወደ ማዕበሉ መለሰ።

«በይ» አለ ለልጁ። «ዳገቱን አስይዣት።»