እስከዳር ጨረታ ወጣባት

እኔ እስከዳር እባላለሁ። ደብረ ማርቆስ፣ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ሱቅ አቤቱታ ስጽፍ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ክሱ፣ መልሱ፣ ይግባኙ፣ የቀለቡ፣ የውርሱ፣ የድንበር መግፋቱ፣ ስንቱ! አፏ ክፉ ነው ይሉኛል። ልክ ናቸው። አፍ የሌለው ሰው ለሌላ ሰው እንዴት አቤት ይላል? ደንበኞቼ አፌን ፈልገው ነው የሚመጡት፤ ደግነቴን ፈልጎ የመጣ አላውቅም።

ከአምስት ዓመት በፊት ከሮብ ገበያ የመጣ አንድ ገበሬ የይግባኝ ወረቀቱን ይዞ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። አንዴ ቀኑ አልተጻፈም፣ አንዴ አድራሻው ጎድሏል፣ አንዴ የውሳኔው ግልባጭ አልተያያዘም እየተባለ ተመለሰ። በሦስተኛው ጊዜ የይግባኙ ቀን አልፎ ነበርና መሬቱ ቀረ። እኔ አልነበርኩም የጻፍኩለት፤ ግን ደጃፌ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ አንጀቴ እርር አለ። ትንሽ ትንሽ እያልኩ ተማርኩና ድረ ገጽ ሠራሁ። እያንዳንዱን የአቤቱታ ዓይነት በቅጽ አዘጋጅቼ፣ ምን ምን መያያዝ እንዳለበት፣ በስንት ቀን መግባት እንዳለበት በተራ አማርኛ ጽፌ አወጣሁት። ሰው ስሙንና ነገሩን ሞልቶ ማተም ብቻ ነው። በነፃ። ሰዉም «የእስከዳር ገጽ» አለው።

ታላቅ ወንድሜ ዘመነ ሉማሜ ላይ እህል ይነግዳል። የሱቄን ኪራይ የተዋዋለልኝ እሱ ነው፤ ውሉም በስሙ ነው። ጥቅምት ላይ መጣና ቁጭ እንኳ ሳይል፣

«ስሚ እስኪ፣ ኅዳር ሲያልቅ ውሉን አላድስም» አለኝ። «አዝመራው እየደረሰ ነው። ሉማሜ ትመጪና መጋዘኑ ላይ ገንዘብ ትቀበያለሽ። የሰው ነገር ስትጽፊ አረጀሽ እኮ!»

«ገጼስ?»

«የትኛው ገጽ? ያ ነፋሱ?» ሳቀብኝ። «ዋጋ ካለው ሽጪውና በራስሽ ስም ሱቅ ተከራዪበት፤ ያኔ አንዲት ቃል አልናገርሽም። ካልተሸጠ ግን ዕቃሽን ትሸክፊያለሽ።»

ነፋስ! አምስት ዓመት የለፋሁበትን ነፋስ ይለዋል! ደሜ ፈላ።

«እሸጠዋለሁ! ዓይንህ እያየ እሸጠዋለሁ!» አልኩት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። ሌላ እሠራለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሉማሜ ሄጄ የወንድሜን ብር እየተቀበልኩ ከማረጅስ የፈለገው ይሁን።

ድረ ገጽ በኢንተርኔት በጨረታ የሚሸጥበት ገበያ እንዳለ ሰምቻለሁ። ገብቼ ባየው ጉድ አየሁ። ለመመዝገቢያ ክፈይ። ካልሽው ዋጋ በታች እንዳይሸጥ ከፈለግሽ ክፈይ። ገጽሽ ከላይ እንዲታይልሽ ክፈይ። ሲሸጥ ከመቶ አሥሩ የእኛ ነው። ገንዘቡን በአደራ ለሚይዘውም ሌላ ክፈይ። ከጅብ ጅማት የተሠራ ክራር ቅኝቱ ሁሉ እንብላው እንብላው ነው! የከብት ገበያ ደላላ ከሁለቱም ወገን ቢበላ፣ ሸጦ ነው፤ ቢያንስ በሬውን እየጎተተ አቧራ ይቅማል። እነዚህ ግን ሳይሸጡ ነው የሚበሉት።

ያም አልበቃ ብሎ አገርሽን ምረጪ ይላል። ብወጣ ብወርድ ኢትዮጵያ የለችም። በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ከኢስቶኒያ ተነሥተው፣ እኛን ዘለው ፊጂ ይገባሉ። እኔን ነው? አመልካችና ተጠሪ ለይቼ፣ ማስረጃ ዘርዝሬ፣ በእንግሊዝኛ አራት ገጽ አቤቱታ ጻፍኩላቸው። «ስለጻፉልን እናመሰግናለን» የሚል መልስ መጣ። በቃ፣ ይኸው ነው ፍርዱ። በመጨረሻ ናይሮቢ የምትሠራው የትምህርት ቤት ጓደኛዬ የኔዓለም በስሟ አስመዘገበችልኝ። የምሸጥበትን ዝቅተኛ ዋጋ ሁለት ሺህ ዶላር አልኩ። የሁለት ዓመት ኪራይ ቀድሜ ብከፍልበት ይበቃኛል። ጨረታው አሥር ቀን ቆይቶ ኅዳር ሃያ ዘጠኝ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይዘጋል።

አንድ ነገር ግን ልመስክርላቸው። ስንት ሰው እንደሚያነበው ማስረጃ አምጪ ስላሉኝ ቆጥሬው የማላውቀውን ቆጠርኩ። በወር ሃያ ስድስት ሺህ ሰው! አፌን ይዤ ቀረሁ።

ከጎኔ ሻይ የምትሸጥ ሥራነሽ የምትባል ጎረቤት አለችኝ። «ምን ሆነሽ ነው ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ የተተከልሽው?» ብትለኝ፣ «ገጼ ጨረታ ላይ ነው» አልኳት። አፈር በበላሁ! በኛ ከተማ ወዶ ንብረቱን ጨረታ የሚያወጣ ሰው የለም። ጨረታ ማለት ባንክ ቤትህን ይዞ ማስታወቂያውን ግድግዳ ላይ ሲለጥፍብህ ነው። በማግስቱ ከተማው በሙሉ «እስከዳር ጨረታ ወጣባት» አለ።

ሰው እንደ ለቅሶ ይጎርፍልኝ ጀመር። «አይዞሽ፣ ንብረት ይተካል፤ ዋናው ጤና ነው» ይሉኛል። አንዷማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች።

«ማን ሞተ?» ብዬ ጮህኩባት። «ምን ቆርጦሽ ነው የምታለቅሺልኝ? እኔ ነኝ የምሸጠው! ወድጄ!»

«ጎበዝ ናት፤ ሐዘኗን ዋጥ አድርጋዋለች» እያለች ወጣች። ከዚህ ወዲያ ምን እላለሁ?

በጨረታው በሦስተኛው ቀን አንድ የማላውቀው ፈረንጅ መቶ ዘጠና ዶላር ሰጠ። አስከትሎም የአንባቢዎቼ ስምና ስልክ አብሮ ይሸጥ እንደሆነ ጠየቀኝ። «የሰው ጉዳይ የሰው ገመና ነው፤ አይሸጥም» ብዬ መለስኩለት። በአምስተኛው ቀን ግን አንድ ስሙን ያልገለጸ ተጫራች ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዶላር አስገባ። እልል ብዬ ሥራነሽን አስደነገጥኳት። ወዲያው ወንድሜ ዘንድ ደወልኩ።

«ዘመነ! ነፋሱ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዶላር ገባልህ!»

«ሲያልቅ እናያለን» ብሎ ዘጋው። የዚያን ቀን በደስታ እግሬ መሬት አልረግጥ አለ።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ስከፍተው ዋጋው መቶ ዘጠና ዶላር ይላል። ዓይኔን አሸሁ። «ከፍተኛው ተጫራች ራሱን አግልሏል» ይላል ጽሑፉ። ገና እሱን እያነበብኩ የእድራችን ዳኛ ጋሼ ሙላት ፊታቸው በርቶ ገቡ።

«ልጄ፣ ደስ ይበልሽ፤ ጨርሼልሻለሁ።»

«ምኑን ነው የጨረሱልኝ ጋሼ ሙላት?»

«ከተማው ውስጥ ኮምፒውተር ያለውን ሁሉ ሱቅ በሱቅ ዞሬ አስምያለሁ። በእስከዳር ንብረት ላይ እጁን የሚያነሣ የለም። ድሮም የጎረቤት ንብረት ጨረታ ሲወጣ ሰው ወደዚያ ዞር ይላል እንጂ አይጫረትም። አንድ የገባ ነበር፤ አፈረና ወጣ። እንግዲህ ተጫራች ሲጠፋ ባንኩ ምን ያደርጋል? ይመልስልሻላ!»

«ጋሼ ሙላት! ባንክ የለም! ዕዳ የለብኝም! ሻጭዋ እኔ ራሴ ነኝ፤ እርስዎ ያባረሩት ገዢዬን ነው!»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ወደሽ ነው?» አሉ ቀስ ብለው። «ወደሽ ነው ጨረታ ያወጣሽው?»

ሌላ ሰው ቢሆን አንድ ሐሙስ አላቆየውም ነበር። ግን ለእኔ ብለው በዚያ ጉልበታቸው ከተማውን ሲዞሩ የሰነበቱ ሰው ናቸው። በንዴት እንባዬ መጣ። አንዴ ያስማለ ደግሞ መሐላውን አፍርሱ ብሎ አይዞርም፤ እሳቸውም ያንን ያውቃሉ። ወንበር ሰጠኋቸውና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ኅዳር ሃያ ዘጠኝ ደረሰ። ዘመነ ዕቃዬን ሊጭን መኪና ይዞ መጣ። ሥራነሽ አለች፤ ጋሼ ሙላት አሉ፤ ከእኔ ሁለት ሱቅ አልፎ አቤቱታ የሚጽፍበትና የሚያትምበት ቤት ያለው ምንይችልም መጥቶ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጨረታው ተዘጋ። መቶ ዘጠና ዶላር። ካልኩት ዋጋ በታች ስለሆነ «አልተሸጠም» አለ። የከፈልኩት ሁሉ አይመለስም።

ያዋጣል ወይ ብትሉኝ፣ አያዋጣም! ገበያው የሰው ነው፣ ዋጋው የሰው ነው፣ የአገርሽን ስም የማያውቅ ሰው ሚዛኑን ይዞ ቆሟል። እንኳን ትርፍ ሊገኝበት፣ ያወጣሁትን እንኳ ይዤ አልተመለስኩም።

«እንግዲህ ተነሺ» አለ ዘመነ። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም ያሳዘንኩት ይመስላል። ያ ደግሞ ይብስ አናደደኝ።

ይሄኔ ምንይችል ጉሮሮውን ጠረገ። «ያ ተጫራች እኔ ነበርኩ፤ ውጭ አገር ባለ ዘመዴ በኩል ነው የገባሁት» አለ። «ጋሼ ሙላት ሲያስምሉኝ አፈርኩና ወጣሁ። አሁን ጨረታው አልቋል፤ መሐላውም ከሱ ጋር አልቋል። በዚያው ዋጋ ልግዛሽ፤ ገንዘቡ ዛሬውኑ ይገባልሻል። ፈረንጅ የለ፣ ኮሚሽን የለ።»

ሥራነሽ እልልታውን አቀለጠችው። ጋሼ ሙላት «ተመስገን» አሉ። ዘመነ ምንይችልን ከላይ እስከ ታች አየውና፣ «እውነትም ዋጋ ነበረው» አለ ለራሱ። እኔም ልቤ ሊወጣ ደረሰ። ሱቁ በስሜ ሊሆን ነው! አንድ ቃል ብቻ ነው የቀረኝ። ግን ይህ ክፉ አፌ መቼ ዝም ይላል?

«ምን ልታደርገው ነው?» አልኩት።

ምንይችል ውሸት አይችልበትም። «እዘጋዋለሁ» አለኝ። «ሰዉ ሁሉ ካንቺ ገጽ ላይ ሞልቶ ይመጣል፤ እኔ የማተሚያ አምስት ብር ብቻ ነው የማገኘው። ከተዘጋ ግን እንደ ድሮው ሁለት መቶ ብሩን ከፍሎ ያስጽፋል። አንቺም እኮ ትጠቀሚያለሽ፤ ሱቅ ይኖርሻል፣ እንደኔው ታስከፍያለሽ። ክፉ አላሰብኩብሽም።»

ሁሉም እኔን አዩኝ። ሰውዬው ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ እጠቀማለሁ። ዋጋውን በትክክል ያወቀው ሰው የሚገዛው ሊገድለው ነው። በወር ሃያ ስድስት ሺህ ሰው መጥቶ የተዘጋ በር ሊያገኝ! እኔ ደግሞ ውስጥ ተቀምጬ ሁለት መቶ ብር ልቀበል!

«አይሸጥም» አልኩ።

«ምን አልሽ?» አለ ዘመነ።

«አይሸጥም! ለሱም፣ ለፈረንጁም፣ ለማንም!»

«አብደሻል? አሁን በእጅሽ ገብቶ?»

የሱቁን ቁልፍ ከማተቤ ላይ ፈትቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። «ሱቁ ያንተ ነው፤ እንካ። ተከራይተህልኝ ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ግን የሱቁ ዕቃ አይደለሁም፤ መኪናህ ላይ አልጫንም። ሉማሜ አልሄድም።»

«የት ልትቀመጪ ነው ታዲያ?»

ጠረጴዛዬን ብድግ ሳደርግ አንዱ ጫፍ ከበደኝ። ጋሼ ሙላት ያንን ጫፍ ያዙ። ምንይችል ከበሩ ዞር አለልን። መንገዱን ተሻግረን ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር አስቀመጥነው።

በማግስቱ ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው ንፋስ አጥንት ይሰብራል። ወረቀቴን በድንጋይ ጭኜ፣ ጋቢዬን ደርቤ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ተቀመጥኩ። አልዋሽም፣ ፈርቼ ነበር። ማንም ባይመጣስ? መጀመሪያ አንዲት የቀለብ ጉዳይ ያላት ሴት መጣች፤ ቀጥሎ ከመርጡለ ማርያም የመጡ ሁለት ወንድማማቾች፤ ቀጥሎ ስልኩ ላይ ገጼን ከፍቶ «ይቺ አልገባችኝም፣ እዚህ ላይ ምን ልሙላ?» የሚል ሰው። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ቀና ብዬ ለማየትም ጊዜ አጣሁ።

ሉማሜ ሳይመለስ ከተማው ውስጥ ያደረው ዘመነ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። አቧራ የለበሰ ጫማዬን አየ። ፊቱ ቀልቷል።

«እስከዳር፣ እባክሽ ተነሺ» አለኝ ጎንበስ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማው። «መንገድ ዳር ተቀምጠሽ ሰው ምን ይላል?»

ብዕሬን ሳላስቀምጥ ቀና አልኩ።

«ሰውማ ወረፋ ይዟል» አልኩት። «ጉዳይ ካለህ ከኋላ ተሰለፍ።»