የኬክ ሠሪው ደም

ሰኞ ጠዋት በሐኪሙ ክፍል የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ወጣቱ ሐኪም፣ ኬክ ሠሪው እና ታላቅ እህቱ ልብስ ሰፊዋ። አባታቸው ፎቅ ላይ የኩላሊት እጥበት እየተደረገላቸው ነበር። ኬክ ሠሪው አንድ ኩላሊቱን ሊሰጣቸው ቃል ገብቷል።

«ስኳርህ ከፍ ብሏል» አለ ሐኪሙ። «በሽታው ገና አልያዘህም፤ ደጃፉ ላይ ነህ። በባዶ ሆድህ ነው የመጣኸው?»

«አዎ፣ ምንም አልበላሁም።»

ልብስ ሰፊዋ ወንድሟን ከእግር እስከ ራሱ ቃኘችው። ይህ እንደ ክር የቀጠነ ለጋ ወጣት ስኳሩን ከየት አመጣው? ዓይኗ እጅጌው ላይ አረፈ። ጫፉ ላይ ክሬም ደርቋል።

«ከሥራ ነው የመጣኸው?»

«የሌሊት ተረኛ ነበርኩ።»

«ክሬሙን ማን ቀመሰው ታዲያ?»

«እኔ ነኛ! ሳልቀምስ ለሰው ላቀርብ ነው?»

«በልተሃላ!»

«እትዬ ደግሞ! መቅመስ መብላት ነው እንዴ?»

እነሱ ቤት በጣት የተላሰ ነገር ከምግብ አይቆጠርም። እሷ ግን አላመነችውም። አልሰጥም ማለት ቢያሳፍረው ደሙን አበላሽቶ መጣ ብላ ጠረጠረች።

«አልሸሹም ዞር አሉ!» አለችው።

ሐኪሙ ምርመራው እንዲደገም፣ የኢንሱሊኑም መጠን አብሮ እንዲታይ አዘዘ። ልብስ ሰፊዋ ከምርመራው ዋዜማ ጀምራ ወንድሟን ቤቷ አስቀመጠችው። የጓዳውን በር ቆልፋ ቁልፉን ጡቷ ሥር ሸጎጠች። ሊታጠብ ሲገባ እንኳ በሩ ላይ ቆመች።

«ሳሙናውን እንዳልልሰው ነው?» አላት ከውስጥ።

አልሳቀችም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ውጤቱ ሲመጣ ስኳሩ ያው ነው፤ ኢንሱሊኑ ደግሞ የሚገባውን እጥፍ ሆኗል።

«ኢንሱሊን ስኳሩን ከደም እንዲወጣ ያዛል» አለ ሐኪሙ። «የሱ ሰውነት ግን ትእዛዙን አልሰማ ብሏል። ስለዚህ ቆሽቱ እየጨመረ ያመርታል። ይሄ በአንድ ጣት ክሬም አይመጣም፤ ቆይቷል። ቀጭን ሰውም ላይ ይደርሳል።»

«ኩላሊቱስ?»

«አንወስድበትም። ስኳር ኩላሊት ይጎዳል፤ ነገ ለራሱ ያስፈልገዋል። አመጋገቡን ካስተካከለና ከተንቀሳቀሰ ግን ከደጃፉ ሊመለስ ይችላል።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ወንድሟ ዞረች። እፎይ ይል እንደሆነ ፊቱን፣ ትከሻውን፣ እጁን አየች። ኬክ ሠሪው አቀርቅሮ በመዳፉ ዓይኑን ይጠርጋል። እንባ ነው ወይስ የእንቅልፍ እጦት? ቀረብ ብላ ልታይ ጎንበስ አለች።

«አሁንም ትጠረጥሪኛለሽ?» አላት ቀና ብሎ። «እኔ ሁለት ጊዜ ተወጋሁ። አንቺ ክንድሽን መቼ ዘረጋሽ?»

ልጆች አሉኝ ልትል አፏን ከፈተች። አባቷ ከታመሙ ጀምሮ ይህንን መልስ አዘጋጅታ ይዛው ነበር፤ የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም። አፏን ገጠመች።

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ በባዶ ሆዷ መጥታ ለኩላሊት ሰጪነት ምርመራ ደም ሰጠች።